እጄ ድራም ላይ ሆኖ የእናት እልልታ እንዴት እንደማስገባ

ባለፈው አንዷ እህታችን «እሁድ እረፍት ያላችሁ ቀኑን በምን ታሳልፋላችሁ?» ብላ ስትጠይቅ «ድራም እመታለሁ» ብዬ ብጽፍ ብዙዎቻችሁ ሳቃችሁ። አንዳንዶቻችሁ ደሞ «እስኪ በደንብ ንገሪን» ስላላችሁኝ ይኸው ጻፍኩላችሁ።

ያለሁት ቤሩት ነው፣ ሰባት ዓመት ሆነኝ። የማዳም ትልቁ ልጅ ሙዚቀኛ ነው። ጎረቤት በድምፁ ስለተማረረ የሚመታው የኤሌክትሪክ ድራም ነው፣ ላስቲክ የለበሱ ፓዶች ያሉት። ክፍሉን ሳጸዳ ገመድ እንዳልነቅልበት ብሎ የትኛው ምን እንደሚሠራ አሳየኝ። ከዚያ በኋላ እኔ መጠየቅ አላቆምኩም። እናቴ በሰፈራችን ሰርግ ከበሮ መቺ ስለነበረች ነገሩ ደሜ ውስጥ አለ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ከላስቲኩ ሥር ንዝረት የምትለይ ትንሽ ዕቃ አለች። ፓዱን ስትመቺው በገመድ ወደ ኮምፒውተር የሚሄደው ቁጥር ነው እንጂ ድምፅ አይደለም። አንዱ ቁጥር የትኛውን ፓድ እንደመታሽ፣ ሌላው ምን ያህል አጥብቀሽ እንደመታሽ ይናገራል፤ ትልቁ 127 ነው። ይሄ ቋንቋ ሚዲ ይባላል፣ እ.ኤ.አ. ከ1983 ጀምሮ ያለ ነው። ኮምፒውተሩ ላይ ቁጥሩን የሚቀበለው ፕሮግራም አብልተን ላይቭ ይባላል። የድራም ድምፅ አሰማ ካልሽው ያሰማል፣ የተቀዳ ነገር ጀምር ካልሽው ይጀምራል።

ጥቅሙ ምን መሰላችሁ? ድራም ስትመቺ ሁለቱም እጅሽ ስቲክ ይዟል። ማውስ ልንካ ካልሽ ምቱ ይቆማል፣ ጨፋሪውም ይቆማል። ስለዚህ ኮምፒውተሩን የምታዢው በዚያው በስቲክሽ ነው።

ፕሮግራሙ ላይ ከላይ በቀኝ በኩል «ሚዲ» የሚል ጽሑፍ አለ። እሱን ትጫኛለሽ፣ የምትፈልጊውን ቅጂ በማውስ ትመርጫለሽ፣ ከዚያ ፓዱን አንዴ መታ ታደርጊዋለሽ። ያዘው ማለት ነው። ጽሑፉን መልሰሽ ትጫኚና ይጠፋል፣ አለቀ። ግን ልብ በሉ፣ ለትዕዛዝ የሰጣችሁት ፓድ ከዚያ በኋላ ከኮምፒውተሩ የድራም ድምፅ አያወጣም። ስለዚህ ዳር ላይ ያለውን፣ ብዙ የማትመቱትን ስጡት።

ሌላው፣ ፕሮግራሙ ቅጂውን ወዲያው አይጀምርም፣ የሚቀጥለው የምት ዙር እስኪገባ ይጠብቃል። ትንሽ ቀድመሽ ብትመቺም በቦታው ይገባል፤ ከዘገየሽ ግን ሌላ ሙሉ ዙር ትጠብቂያለሽ። ዙሩን የሚቆጥረው ደሞ በአራት በአራት ነው። የኛ ችክችካ ስድስት ስምንተኛ ስለሆነ ከላይ በግራ 4/4 የሚለውን 6/8 ካላደረግሽው ቅጂው ዘፈኑ መሃል ዘው ይላል። ልጁ ይሄ ግራ ገብቶት ነበር። ችክችካውን በእጄ ጠረጴዛው ላይ መትቼ አሳየሁት፣ እሱ ቁጥሩን ቀየረው፣ ተስተካከለ። ያን ቀን እኔም አስተማሪ ሆንኩ።

ባለፈው ዓመት ያገለገለ ባለ 8 ፓድ ለራሴ ገዛሁ፣ በ150 ዶላር። 150 ዶላር አገር ቤት ቢላክ ምን እንደሚሠራ ለናንተ አይነገርም። ለሁለት ወር ከምልከው ላይ ቀነስኩ። ወንድሜ «ድራም? አሞሻል እንዴ?» አለኝ። እናቴ ስልኩን ተቀብላ «ልጄ፣ አንድ ነገር እንኳ ለራስሽ ይኑርሽ» አለችኝ። ልጁም የማይጠቀምበትን አሮጌ ላፕቶፕ ከነፕሮግራሙ ሰጠኝ።

ከዚያ ቡርጅ ሐሙድ ውስጥ አንዲት እህታችን ስታገባ ጠራችኝ። እናቷ ወሎ ናቸው፣ ሊመጡ አይችሉም። ምርቃታቸውን በዋትስአፕ ድምፅ ላኩላት፣ መጨረሻው ላይ ረጅም እልልታ አለበት። ምርቃቱን ለብቻ፣ እልልታውን ለብቻ ቆርጬ ሁለት ፓድ ላይ አደረግኳቸው። ምርቃቱ ዙሩን ጠብቆ እንዲገባ ተውኩት። እልልታው ግን በመታሁበት ቅጽበት እንዲወጣ መጠበቂያውን አጠፋሁለት፣ እልልታ ተራ አይጠብቅማ! ደሞ ቅጂው «ጌት» የሚባለው ላይ ከሆነ፣ ስቲክ ፓዱን የሚነካው ለአፍታ ስለሆነ «እል» ብሎ ይቆረጣል። «ትሪገር» የሚለው ላይ ስታደርጊው እስከ መጨረሻው ይሄዳል። መብራት ቢጠፋስ ብዬም ባትሪ ያለው ስፒከር ተዋስኩ፤ የቤሩትን መብራት ታውቁታላችሁ።

ሙሽራዋ ልትገባ ስትል ችክችካውን ይዤ ነበር። ቀኝ እጄ ምቱን እንደያዘ በግራዬ ጥግ ያለውን ፓድ መታሁት። የእናቷ እልልታ አዳራሹን ሞላው፣ ሴቱ ሁሉ ተቀበላቸው። ሙሽራዋ ባለችበት ቆመች። መጀመሪያ ስፒከሩን አየች፣ ከዚያ እኔን። እኔም እንባዬ ይወርዳል፣ እንዳልጠርገው እጄ ምት ላይ ነው። እልልታውን ደግሜ መታሁት፣ ያኔ መራመድ ጀመረች። ቪዲዮው ተልኮላቸው ሲያዩ እናቷ «እኔም ሰርጉ ላይ ነበርኩ» አሉ ብላ ነገረችኝ።

ከዚያ ወዲህ ሌሎች ሦስት ሰርጎችና አንድ ክርስትና ላይ መትቻለሁ። የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ከፍለውኛል፣ የፓዱ ዋጋ ተመልሷል። ወንድሜም አሁን «መቼ ነው የምትመቺው?» እያለ ቪዲዮ ይጠይቀኛል።

መጀመር የምትፈልጉ፣ ላይት የሚባለው ቀለል ያለው የፕሮግራሙ ዓይነት ከብዙ አዳዲስ ዕቃዎች ጋር በነጻ ይመጣል፣ ለጀማሪ ይበቃል። ባትጀምሩም ግን አንድ ነገር አደራ፦ የእናታችሁ ድምፅ ስልካችሁ ላይ ካለ ዛሬውኑ ሌላ ቦታ ገልብጡት። ስልክ ይሰበራል፣ ይጠፋል፣ አንዳንድ ቤት ደሞ ይወሰዳል። ጥያቄ ያላችሁ ከታች ጻፉልኝ፣ ማታ ሥራ ስጨርስ እመልሳለሁ። ሰላም እደሩ እህቶቼ።