ባሮ ዳር የወረደ ብረት

ጋምቤላ ሲደርሱ መጀመሪያ የሚቀበልዎ ሙቀቱ ነው። ሻንጣዎን ማረፊያዎ ያስቀምጡና ፀሐይዋ ስትበርድ ልጆችዎን ይዘው ወደ ባሮ ድልድይ ይሂዱ። (ወንዙ አዞ ስላለበት ልጆቹን ውሃው አጠገብ እንዳይለቋቸው።) በበጋ ከሄዱ ባሮ ጎድሎ፣ አሸዋው ወጥቶ ያገኙታል። በዚህ ወንዝ ላይ ከካርቱም የእንፋሎት መርከብ ይመጣ ነበር ቢባሉ ማመን ይቸግርዎታል። ግን ይመጣ ነበር፤ ክረምቱን ጠብቆ፣ ውሃው ሲሞላ።

እኔን እዚያ የወሰደኝ የአባቴ መላጊያ ነው። በወጣትነቱ ጋምቤላ ሲሠራ እንደገዛው ይነግረን ነበር። እሱ ካረፈ በኋላ ቤት ስናጸዳ ከዛገ መጋዝና መዶሻ ጋር ለቆራሌው ሸጥነው።

በዐፄ ምኒልክና በእንግሊዝ መካከል እ.ኤ.አ. በ1902 የተፈረመው ስምምነት ለሱዳን መንግሥት በባሮ ዳር የንግድ ጣቢያ የሚሆን መሬት ፈቀደ። ጣቢያው ጋምቤላ ላይ ተቋቋመ፤ ኢትዮጵያ የተረከበችው ሱዳን ነፃ በወጣችበት በ1956 ነው። የወለጋና የኢሉባቦር ቡና ከደጋው ወርዶ እዚህ ይጫናል፣ ጨውና ጨርቅ ይራገፋል። የግሪክና የሶርያ ነጋዴዎችም ነበሩበት። አሜሪካዊው ሐኪምና ሚስዮናዊ ቶማስ ላምቢ በ1919 ወደ ደምቢ ዶሎ የገባው በዚሁ በር ነው። ኋላም አሜሪካውያን ሚስዮናውያን ከከተማው ወጣ ብሎ በአኙዋኮች መንደር በፖክዎ ሠርተዋል። ቤትና ክሊኒክ ሊሠራ የመጣ ሰው ደግሞ ባዶ እጁን አይመጣም።

ታዲያ በእርስዎም ቤት፣ በአያትዎ የብረት ሣጥን ውስጥ፣ እንዲህ ያለ ዕቃ ካለ እንዴት ያውቁታል? በስሙ አይሆንም። ካቻቢቴና ፒንሳ የምንላቸውን ስሞች ያገኘነው ከጣሊያን ነው፤ ብረቱ ግን ከሌላ አገር ሊሆን ይችላል። የሚነግርዎ ማኅተሙ ነው። ሼፊልድ የሚል ካነበቡ ዕቃው እንግሊዛዊ ነው፤ ጋምቤላ የእንግሊዞች ጣቢያ ስለነበረች ይህ አያስገርምም። መጋዝ ከሆነ እጀታው ላይ ያለችውን የሳንቲም መሳይ የነሐስ ቁልፍ ይዩ። ዲስተን፣ ፊላደልፊያ የሚል ከሆነ በ1840 ከተመሠረተ የአሜሪካ ፋብሪካ የወጣ ነው።

ብዙ የሚናገረው ግን መላጊያ ነው። ስታንሊ የተባለው ኩባንያ የቤይሊን የመላጊያ ፈጠራ በ1869 ገዝቶ ለዓለም ሸጧል። ስለቱን ፈትተው ሲያወጡት፣ ከኋላ በኩል በአካሉ ላይ በቀለጠ ብረት የተጻፉ ቀኖች ሊያገኙ ይችላሉ። እነዚህ የፈጠራ መብት ቀኖች እንጂ የተሠራበት ቀን አይደሉም፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የመጨረሻው ቀን ሚያዝያ 1910 ከሆነ፣ ዕቃው ከዚያ በፊት አልተሠራም ማለት ነው፣ ከዚያ ያለፈ አይነግርዎትም። ስለቱ ላይ ልብ ተስላ በውስጧ ሁለት ፊደል ካዩ ግን ስለቱ ከ1920 እስከ 1935 ባለው ጊዜ የወጣ ነው። ስለት ይቀየራልና አካሉ ከስለቱ ሊያረጅ እንደሚችል አይርሱ።

ዝገቱን በድንጋይ ወይም በሞተር አያስፍቁ፤ መጀመሪያ የሚጠፋው ጽሑፉ ነው። ነጭ ጋዝ በጨርቅ ነክረው ቀስ ብለው ይጥረጉ። ከዚያ ስስ ወረቀት በማኅተሙ ላይ አድርገው ልጆችዎ በእርሳስ ጋደም አድርገው ያሹት፤ ፊደሉ ነጭ ሆኖ ይወጣል። የእኔዋ የስምንት ዓመት ልጅ የጎረቤታችንን መጥረቢያ፣ የበር ቁልፉን፣ የምጣዱን ክዳን ሳይቀር ቀድታ ደብተር ሞልታለች።

ከአዲስ አበባ ደግሞ ሩቅ ሳይሄዱ መርካቶ ምናለሽ ተራን ይጎብኙ። አሮጌ ብረት ተቀጥቅጦ አዲስ ዕቃ የሚሆንበት ቦታ ነው። የሚሸጥ መላጊያ ካጋጠመዎ ገልብጠው ይዩት።

የአባቴን ቆራሌው በኪሎ መዘነው። ገልብጦ ያየው ሰው አልነበረም።