«ባሕር የለን፣ ጃርቷ ምን ታደርግልናለች?»

ሁለት እናቶች አሉ። ሁለቱም በአውስትራሊያ ጠረፍ፣ ከባሕር ሥር ድንጋይ ላይ ተለጥፈው ይኖራሉ። ሁለቱም ኳስ ያህላሉ፤ ሁለቱም እሾሃቸውን ዙሪያቸውን አቁመዋል (ስለዚህ እኔ «የባሕር ጃርት» ብያቸዋለሁ)። ጎን ለጎን ብታስቀምጧቸው እህትማማቾች ናቸው ትላላችሁ። እውነታችሁን ነው። ዘራቸው የተለያየው ከ4 እስከ 5 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ነው፤ ይሄ ደግሞ በዝግመተ ለውጥ አቆጣጠር ትናንት ማለት ነው።

የሚለያዩት በልጅ አስተዳደግ ነው። አንደኛዋ ከአንድ ሚሊ ሜትር አንድ አሥረኛ የማይሞሉ ደቃቅ እንቁላሎች ለባሕር ትበትናለች። የሚፈለፈለው እጭ እናቱን በምንም አይመስልም። እናቱ ክብ፣ እሱ ግራና ቀኝ ያለው፤ እናቱ እሾህ፣ እሱ ረጃጅም ክንድ። ገላው ብርሃን ያሳልፋል። ለሳምንታት በውሃው እየተንሳፈፈ፣ ደቃቅ አልጌ እየለቀመ ራሱን ያሳድጋል። ሁለተኛዋ ግን ስንቅ ቋጣሪ ናት! እንቁላሏ በይዘት የዚያችኛዋን መቶ እጥፍ ገደማ ነው። እጩ ምግብ ፍለጋ አይወጣም፤ እናቱ የቋጠረችለትን እየጨረሰ በ3 ወይም በ4 ቀን ትንሽ ጃርት ሆኖ ድንጋዩ ላይ ቁጭ ይላል።

ይህን ሳነብ እናቴ ትዝ አለችኝ። እኔ ዩኒቨርሲቲ ስመደብ የተሰጠኝ የመሳፈሪያ ብርና ምርቃት ነበር። ታናሽ ወንድሜ ሲመደብ ግን በሶው፣ ዳቦ ቆሎው፣ ድርቆሹ፣ ሽሮውና በርበሬው ለብቻቸው አንድ ሻንጣ ያዙ። (እማዬ፣ ይሄን ካነበብሽ ወቀሳ አይደለም፤ ሳይንስ ነው።)

የኢንዲያና ዩኒቨርሲቲው ሩዶልፍ ራፍ እነዚህን ሁለት ጃርቶች እያነጻጸረ ለበርካታ ዓመታት ሠርቷል። ጥያቄው ቀላል ይመስላል፦ ያደጉት ጃርቶች ሳይለወጡ ልጅነታቸው ብቻ እንዴት እንዲህ ተለወጠ? ከዚያ በፊት እ.ኤ.አ. በ1978 (ከዚህ በኋላ የምጽፋቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ሪቻርድ ስትራትማን የጀርባ አጥንት የሌላቸውን የባሕር እንስሳት እጮች አጥንቶ አንድ የሚያስደነግጥ ነገር ጽፎ ነበር። ራሱን የሚመግብ እጭ በአንድ ዘር ውስጥ ሊጠፋ ይችላል፤ አንዴ ከጠፋ ግን ተመልሶ መምጣቱ ብርቅ ነው። ስንቅ መቋጠር የጀመረች እናት ዘር ወደ ድሮው አይመለስም ማለት ይቻላል። ለምን ቢባል፣ መብያው ክንድና አፍ ውስብስብ ዕቃ ነው፤ ካፈረሱት በኋላ እንደገና መሥራት ይከብዳል።

ይህን ሐሳብ ለአንድ አዘጋጅ ይዤለት ሄድኩ። አዳመጠኝ፣ ሳቀ፣ ከዚያ «ባሕር የለን፣ ጃርቷ ምን ታደርግልናለች?» አለኝ። በቃ። ጋዜጠኝነት ስማር አራት ዓመት ሙሉ «አንባቢህን አስብ» ሲሉን ስለነበር ጥያቄውን ሞኝነት ነው ብዬ አላልፈውም። ግን መልስ አለኝ፤ መልሴም ከባሕር ይወጣና ሰማይ ላይ ይደርሳል።

የእጭ ጥያቄና የክንፍ ጥያቄ ሲገፈፉ አንድ ናቸው፦ ጉልበት የሌለው ትንሽ ፍጡር ሩቅ አገር እንዴት ይደርሳል? እጩ በራሱ ዋና ውቅያኖስ አያቋርጥም። ነገር ግን ወደ ላይና ወደ ታች እየዋኘ በየትኛው ጥልቀት እንደሚሆን መምረጥ ይችላል፤ የላዩና የታቹ ሞገድ አቅጣጫው ሊለያይ ስለሚችል ምርጫው የትም ሊያደርሰው ይችላል። ታክሲ እንደመምረጥ ቁጠሩት።

ሰማይ ላይስ? ቻርልስ አንደርሰን ማልዲቭስ የኖረ የባሕር ሳይንቲስት ነው። እነዚህ ደሴቶች ከሕንድ ጠረፍ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃሉ፤ ምድራቸው ኮራል ስለሆነ ዝናቡ ሰርጎ ይገባል እንጂ ኩሬ ሆኖ አይቆይም። በየዓመቱ ጥቅምት ገደማ ግን ሰማዩ ድራገንፍላይ በሚሉት ነፍሳት ይሞላል። እናንተም ታውቁታላችሁ፤ ከዝናብ በኋላ ኩሬ ላይ የሚያንዣብበው፣ አራት ክንፍና ረጅም ጭራ ያለው። ይህ ፍጡር ያለ ጣፋጭ ውሃ አይራባም። ታዲያ ከየት መጥቶ ወዴት ይሄዳል? አንደርሰን የሚታዩበትን ቀን ለዓመታት ሲመዘግብ ቆይቶ በ2009 መልሱን አሳተመ፦ ዝናብ አምጪውን ነፋስ ተከትለው ከሕንድ ወደ ምሥራቅ አፍሪካ እየተሻገሩ ነው፤ በኋላም ይመለሳሉ። ደርሶ መልሱ ከ14,000 እስከ 18,000 ኪሎ ሜትር ይሆናል፤ የሚጠናቀቀውም በአራት ትውልድ ነው። አንዱም መንገዱን ሙሉ አይቶት አያውቅም!

በ2021 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ ስንቃቸውን አሰላ። አንድ ድራገንፍላይ ሰውነቱ ውስጥ በያዘው ስብ ብቻ 90 ሰዓት ያህል መብረር ይችላል፤ ያ ግን ያለ ነፋስ እርዳታ ውቅያኖሱን አያሻግርም። (ስንቅ ያልኩት አለምክንያት አይደለም።)

አሁን ወደ አገራችን ልመለስ። በ2018 ሁለት አውሎ ነፋሶች፣ አንዱ በግንቦት አንዱ በጥቅምት፣ የዓረቢያን ባዶ በረሃ በዝናብ አራሱት። የበረሃ አንበጣ እዚያ፣ ሰው በማያየው አሸዋ ላይ፣ ሦስት ትውልድ ተራባ። ከዚያ የመን፤ ከዚያ ባሕረ ሰላጤውን ተሻግሮ ሶማሊያና ኢትዮጵያ። የተባበሩት መንግሥታት የምግብና እርሻ ድርጅት እንደሚለው አንድ ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሸፍን መንጋ በቀን የ35,000 ሰው ቀለብ ይበላል።

ቆቦ ያለው አጎቴ በ2020 መኸር ማሽላውን ያጣው በአንድ ከሰዓት ነው። ቆርቆሮ ደበደቡ፣ ጅራፍ አጮሁ፣ ጭስ አጨሱ። መንጋው ወደ ጎረቤት ማሳ ተነሥቶ ሌላው ተተካ። ስደውልለት ስለ ማሽላው አልነገረኝም፤ «ነፋሱ ከዚያ ባይነፍስ ኖሮ» ነው ያለኝ።

ሬጂናልድ ሬይኒ የተባለ ተመራማሪ በ1951 የጻፈው ይህንኑ ነበር፦ መንጋው ከነፋስ ጋር እየነጎደ ነፋሶች ወደሚገናኙበት፣ ዝናብም ወደሚጥልበት ይሰበሰባል። ያን ጊዜ ለአንዳንዱ ሰው ከጃርቷ የማይሻል ወሬ ሳይመስል አይቀርም። በ2020 ግን የአሜሪካ የውቅያኖስና የከባቢ አየር አስተዳደር የጭስን መንገድ የሚከታተልበትን የኮምፒውተር ፕሮግራም ለአንበጣ አስተካክሎ፣ ከምግብና እርሻ ድርጅቱ ጋር መንጋው ነገ የት እንደሚውል ለመተንበይ ተጠቀመበት። ትንበያው የአጎቴን ማሽላ አላዳነም። መርጫ አውሮፕላን በጊዜው ካልደረሰ ትንበያ ብቻውን አይረጭም፤ ይሄ ደግሞ የሳይንስ ሳይሆን የበጀት ጉዳይ ነው።

ባለፈው ስንገናኝ የድራገንፍላዩን ጉዞ ነገርኩት። ሕንድን፣ ማልዲቭስን፣ አራቱን ትውልድ። ዝም ብሎ ሰማኝና፦

«እሱስ አዝመራ ይበላል?»

«አይ ጋሼ፣ የወባ ትንኝ ነው የሚበላው።»

«እንግዲያው ይምጣ» አለ።