የጓሳ አፋፍ

እናንተ የመንዝ ሰዎች ጉምን ታውቁታላችሁ። እኔ ግን የከተማ ልጅ ነኝ።

ጠዋት ከአንድ አባት ጋር የጓሳን አፋፍ ይዘን ሄድን። ቦታው ከ3,200 ሜትር በላይ ነው። በስተምሥራቅ ገደል ነው፤ ከታች የአፋር ቆላ እንደ ባሕር ተዘርግቷል።

ከቀትር በኋላ ጉም ሸፈነን። ሣር ይግጡ የነበሩ ጭላዳዎች ደንግጠው ሮጡ። መንገድ ያውቃሉ ብዬ ተከተልኳቸው።

«ቁም ልጄ! የጭላዳ ማደሪያው ገደል ነው። ሲደነግጥም ወደዚያው ነው የሚሮጠው» አሉኝ።

ቆምኩ። ጉሙ ሲገለጥ ገደሉ ሦስት እርምጃ ቀርቶት ነበር። እግሬ ተንቀጠቀጠ።

እሳቸው ስለ ጓሳ ሣር ያጫውቱኝ ጀመር። ቤት ይከደንበታል፤ ገመድም ይሆናል። አባቶች ከ300 ዓመት በላይ በጋራ ጠብቀውታል፤ ለዓመታት ከልለው ያቆዩትና ሲፈቀድ ያጭዱት ነበር።

እስኪመሽ ተጓዝን። እኔ ከኋላቸው ነበርኩ።