ሂዩስተን፣ ለጥንድ ውድድር

ከዳላስ ወደ ሂዩስተን የሚወስደው 45 ቁጥር አውራ ጎዳና 385 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መንገዱ ቀጥ ያለ ነው፤ ግራና ቀኙ ለረጅም ሰዓት የከብት መስክ ነው። ሀንትስቪል ሲቃረብ ግን መልኩ ይለወጣል። ጥድ ይጀምራል፤ ጫካውም እየጠበቀ ይሄዳል፤ ከመንገዱ ዳር 20 ሜትር ገደማ ቁመት ያለው የሳም ሂዩስተን ነጭ ሐውልት ብቅ ይላል። ቴክሳስ ራሷን የቻለች ሪፐብሊክ በነበረችበት ዘመን በፕሬዚዳንትነት የመሯት ሰው ናቸው፤ ሂዩስተን ከተማም ስሟን ያገኘችው ከእርሳቸው ነው።

ቅዳሜ ማለዳ ከዳላስ ጎረቤት ከጋርላንድ ተነስተን እዚህ ስንደርስ፣ አጠገቤ የተቀመጠችው የእህቴ ልጅ ቦርሳዋን ከፍታ መምቻዎቻችንን በለስላሳ ጨርቅ ትወለውል ጀመር። የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ወጣት ናት፤ ተወልዳ ያደገችው እዚሁ ቴክሳስ ነው። የምንሄደው ለኤር ሆኪ የጥንድ ውድድር ነበር።

ኤር ሆኪን ብዙ ሰው የሚያውቀው በገበያ ማዕከላት የልጆች መጫወቻ ውስጥ ነው። ለውድድር የሚሆነው ጠረጴዛ ግን ተለቅ ይላል፤ ርዝመቱ 2.4 ሜትር፣ ወርዱ 1.2 ሜትር ያህል ነው። ገጹ ላይ በሺዎች የሚቆጠሩ ጥቃቅን ቀዳዳዎች አሉ። ከሥሩ የተገጠመው ማራገቢያ አየር ወደ ላይ ሲነፋ፣ ፓክ የሚሉት ስስ የፕላስቲክ ክብ ገጹን ሳይነካ ይንሳፈፋል። ሰበቃ የለም ማለት ይቻላል። ስለዚህ አንዴ የተመታ ፓክ ፍጥነቱን እንደያዘ ከጠርዝ ጠርዝ እየነጠረ ይመላለሳል፤ ዓይን ሳይደርስበት ጎል የሚገባበት ጊዜ ብዙ ነው።

ጨዋታው የተጠነሰሰው ብራንስዊክ በተባለው የቢሊያርድ ጠረጴዛ አምራች ኩባንያ ውስጥ ነው። የኩባንያው መሐንዲሶች እ.ኤ.አ. በ1969 ሰበቃ በሌለው ገጽ ላይ የሚካሄድ ጨዋታ ለመፍጠር ሥራ ጀመሩ። ሐሳቡ ለጥቂት ጊዜ ተቀምጦ ከቆየ በኋላ፣ ቦብ ሌሚዩ የተባለው መሐንዲስ የበረዶ ሆኪን መልክ ሰጥቶ አነቃው። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ገበያ ላይ ዋለና በፍጥነት ተስፋፋ። ከመዝናኛነት አውጥተው ደንብና ሻምፒዮና ያለው ስፖርት ካደረጉት መካከል ግን የሂዩስተን ተጫዋቾች ከፊት ይሰለፋሉ። የዚህችው ከተማ ሰው ጄ. ፊሊፕ አርኖልድ ከጓደኞቻቸው ጋር ሆነው የአሜሪካን ኤር ሆኪ የሚመራውን ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1978 አቋቋሙ። በ2015 ደግሞ ኮሊን ከሚንግስ የተባለ የቴክሳስ ልጅ በ16 ዓመቱ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። ይህን ለእህቴ ልጅ ስነግራት፣ «አጎቴ፣ እኔ እኮ ሦስት ዓመት ዘግይቻለሁ ማለት ነው» ብላ ሳቀች።

እኩለ ቀን ላይ ከአዳራሹ ደረስን። በሩ ሲከፈት መጀመሪያ የሚቀበለው ድምፅ ነው። የማራገቢያዎቹ እምምታ ሳያቋርጥ ይሰማል፤ በላዩ ላይ ፓክ ከጠርዝ ጋር ሲጋጭ የሚሰጠው ደረቅ ቋ፣ ቋ ይወርዳል። አንዲት ሴት በአልኮል የራሰ ጨርቅ ይዛ የጠረጴዛዎቹን ገጽ በየተራ ታጸዳለች። አቧራ ቀዳዳዎቹን ከደፈነ ፓኩ እዚያ ቦታ ላይ ይጎተታል፤ አካሄዱም ይዛባል። ሥራዋን የምታከናውነው ቀስ ብላ፣ ከዳር ጀምራ እስከ መሀል ነው። ጨዋታው ምን ያህል እንደሚከበር የተረዳሁት ከእርሷ እጅ ነው።

ዋናው ሻምፒዮና የሚካሄደው አንድ ለአንድ ነው። እኛ የሄድንበት ግን ጨዋታውን የሚወዱ የአካባቢው ሰዎች ያዘጋጁት የጥንድ ውድድር ነበር። በጠረጴዛው በእያንዳንዱ ጫፍ ሁለት ሰው ጎን ለጎን ይቆማል፤ እያንዳንዱም አንድ አንድ መምቻ ይይዛል። ቀድሞ 7 ጎል ያገባ ጨዋታውን ያሸንፋል፤ ሦስት ጊዜ ተጫውቶ ሁለቱን የወሰደ ያልፋል። ፓክ ወደ አንድ ወገን ከገባ በ7 ሰከንድ ውስጥ ወደ ተቃራኒው መመለስ አለበት። በዚህ ውድድር ሰባቱ ሰከንድ የጥንዱ የጋራ ነው። እኔ አምስቱን ይዤ ከቆየሁ ለእርሷ የሚተርፋት ሁለት ብቻ ነው። መምቻን ፓክ ላይ መጫን ክልክል ነው፤ ፓክን በእጅ መንካትም ያስቀጣል።

አንድ ለአንድ ሲሆን የመከላከል ዘዴው ሦስት ማዕዘን ነው። ተጫዋቹ መምቻውን ከጎሉ ጥቂት ወጣ አድርጎ መሀል ላይ ያቆማል፤ ከጠርዝ የነጠረ ምት ሲመጣ ወደ ግራው ወይም ወደ ቀኙ የጎል ማዕዘን ይመለሳል። ሁለት ሰው ሲሆን ግን ሦስት ማዕዘኑ ይከፈላል። ከባዱ ጥያቄ የመሀሉ ነው፤ መሀሉ የማን ነው?

እኔ ቀኝ እጄን እጠቀማለሁ፤ የእህቴ ልጅ ግራኝ ናት። እርሷ በግራ፣ እኔ በቀኝ ብንቆም እጆቻችን ወደ ውጭ ይሆኑና መሀሉ ይከፈታል። ተቀያይረን ብንቆም ሁለቱም መምቻዎች ከጎሉ ፊት ይገናኛሉ፤ መጋጨት ግን አለ። የጎሉ ስፋት 30 ሴንቲ ሜትር ገደማ መሆኑን አስበን ሁለተኛውን መረጥን። ከግራ ጠርዝ የነጠረ የእኔ፣ ከቀኝ ጠርዝ የነጠረ የእርሷ ሆነ። ቀጥ ብሎ የሚመጣውን በተመለከተ ግን ቆም ብላ፣ «አጎቴ፣ ቀጥታውን ለኔ ተውልኝ። እጅህ ወደዚያ እንዳይሄድ» አለችኝ።

እንዲህ ያለውን ነገር መስማት ቀላል ነው፤ እጅን ማዘዝ ግን ሌላ ነው። ፓክ ወደ ደረትህ እየበረረ ሲመጣ እጅህ ካንተ ፈቃድ በፊት ይነሳል። በመጀመሪያው ዙር ሁለት ወጣቶች ገጠሙን፤ ኃይለኛ መቺዎች ነበሩ። እኔ በግራ ማዕዘኔ ጸንቼ ቆምኩ። እርሷ ቀጥታውን እየተቀበለች፣ ፓኩን በጣቶቿ ጫፍ በያዘችው መምቻ እያበረደች ወደ እኔ ታሳልፍ ጀመር። እጀታውን ከላይ አትጨብጠውም፤ ከኋላው በጣቶቿ ብቻ ትገፋዋለች። ስለዚህ የእጅ አንጓዋ ነጻ ነው፤ በአንድ ዓይነት አነሳስ ቀጥታም አግድምም ትመታለች። ተቃራኒው የትኛው እንደሚመጣ ከክንዷ ማንበብ አይችልም። 7 ለ4 እና 7 ለ5 አሸነፍን።

እንዲህ ሥራን መከፋፈል ለእኔ አዲስ ነገር አልነበረም። አዲስ አበባ ያደገ የእኔ ዘመን ሰው ጆተኒን፣ የጠረጴዛ እግር ኳሱን፣ ያውቃል። ጆተኒም በጥንድ ሲሆን አንዱ በረኛውንና ተከላካዮቹን፣ ሌላው አማካዮቹንና አጥቂዎቹን ይይዛል። ከኋላ ያለው ጠንቅቆ ካልያዘ የፊተኛው ጎበዝነት ዋጋ የለውም። የእህቴ ልጅ ጆተኒን በዓይኗ አይታ አታውቅም፤ እኔም የእርሷን የልጅነት መጫወቻዎች አላውቅም። እዚያ ጠረጴዛ ላይ ግን ሁለታችንም የምናውቀው አንድ ነገር ተገኘ።

ግማሽ ፍጻሜ ላይ በዕድሜ የገፉ ባልና ሚስት ደረሱን። እንደ ሌሎቹ «ያንተ! የኔ!» አይባባሉም። ሚስትየው ከጎሉ ሳይርቁ ይከላከላሉ፤ ባልየው ፓኩን በዝግታ ከጠርዝ ጠርዝ እያንሸራተቱ፣ ሰባቱ ሰከንድ ሊያልቅ ሲል በድንገት ይመታሉ። ዝግታው ራሱ መሣሪያ ነው፤ የተቃራኒውን ዓይን አስለምዶ ያዘናጋል። የመጀመሪያውን እነርሱ፣ ሁለተኛውን እኛ ወሰድን። ሦስተኛው 5 ለ5 ሲሆን ተመልካቹ ሁሉ ወደ ጠረጴዛችን ተሰበሰበ። ከዚያ ሁለት ጊዜ፣ በተመሳሳይ መንገድ፣ ከቀኝ ጠርዝ ነጥሮ የመጣ ዝግተኛ ምት ከመምቻዎቻችን መካከል አለፈ። 7 ለ5 ተሸነፍን። ሚስትየው ጠረጴዛውን ዞረው መጡና የእህቴን ልጅ እጅ በሁለት እጃቸው ይዘው፣ አንድ ላይ ሆነን እንድንለማመድ መከሩን። የዕለቱ ዋንጫም የእነርሱ ሆነ፤ ይገባቸዋል።

ማታ ሂዩስተን ውስጥ በአንድ የአበሻ ምግብ ቤት ክትፎና በየዓይነቱ አዘን ተቀመጥን። አጠገባችን የነበሩ ቤተሰቦች ከየት እንደመጣን ሲጠይቁን ነገርናቸው። አባትየው ተገርመው ስለ ደንቡ ጠየቁ፤ ልጃቸው ከእህቴ ልጅ ጋር በእንግሊዝኛ ወሬ ጀመረ። ወዲያው ሁለቱ ጠረጴዛዎች አንድ ሆኑ።

በመልስ መንገድ ላይ ያሰብኩት ጨዋታ ሰውን እንዲህ እንደሚያቀራርብ ነው። በሰሜን አሜሪካ ያለን ኢትዮጵያውያን እ.ኤ.አ. ከ1984 ጀምሮ በስፖርት ፌዴሬሽናችን ጥላ ሥር በየዓመቱ ጁላይ አካባቢ እንሰባሰባለን። ሜዳው ግን በዋነኛነት የእግር ኳስ ነው፤ አያትና የልጅ ልጅ፣ እናትና ልጅ አብረው የሚሰለፉበት ቦታ የለም። ኤር ሆኪ ቁመት አይጠይቅም፤ የሩጫ ጉልበትም አይጠይቅም። ጆተኒም እንዲሁ። የሚጠይቁት ዓይን፣ ትዕግሥትና ለጓደኛ ድርሻውን መተው ነው።

ስለዚህ የየከተማው ማኅበር አስተባባሪዎች ሆይ፣ በሚቀጥለው ዝግጅታችሁ ላይ በአዳራሹ ጥግ አንድ የኤር ሆኪ ጠረጴዛና አንድ ጆተኒ አስቀምጡ። ደንቡንም አንድ አድርጉት፦ እያንዳንዱ ጥንድ ከሁለት ትውልድ ይውጣ። አንባቢ ሆይ፣ አንተም ልጅህን ወይም የእህትህን ልጅ ይዘህ ና።