ጎረቤቱን የማያውቅ ነጋዴ

የዛሬው ጽሑፌ ሂስ ነው፤ ሂሱም ከራሴ ይጀምራል።

ዓለም አቀፍ ንግድ ማስተማር ከጀመርኩ ዓመታት ተቆጥረዋል። ኮርሱን ሁልጊዜ የምከፍተው ዴቪድ ሪካርዶ እ.ኤ.አ. በ1817 ባሳተመው መጽሐፍ ነው፤ እንግሊዝ ጨርቅ፣ ፖርቱጋል ወይን ጠጅ። ተማሪዎቼም ስሌቱን አሳምረው ይሠራሉ። ባለፈው ሴሚስተር ግን ተመራቂዎቹን «አንድ መኪና ቦሎቄ በሞያሌ በኩል ወደ ናይሮቢ ለመላክ ምን ምን ሰነድ ያስፈልጋል?» ብዬ ጠየቅኋቸው። ክፍሉ ጸጥ አለ። በመጨረሻ እጇን ያወጣችው በእኔው ኮርስ «ሲ» ያገኘች የሞያሌ ልጅ ነበረች። የባንክ ፈቃዱን፣ የጉምሩክ ዲክላራሲዮኑን፣ የስሪት አገር ሰርተፊኬቱን፣ የዕፅዋት ጤና ምስክር ወረቀቱን አንድ በአንድ ዘረዘረች። ይህን ያስተማሯት ድንበር ተሻግረው የሚነግዱት እናቷ ናቸው። እኔ ዶክተሩ አላስተማርኳትም።

አገራችን የኮሜሳ መሥራች አባል ብትሆንም፣ እ.ኤ.አ. በ2000 የተጀመረውን የኮሜሳ ነፃ የንግድ ቀጣና ያኔ ሳትቀላቀል ቀርታለች። እ.ኤ.አ. በ2018 ግን የአፍሪካ አህጉራዊ ነፃ የንግድ ቀጣና ስምምነትን ኪጋሊ ላይ ፈርማ፣ በ2019 በፓርላማ አጽድቃለች። በ2020 መጨረሻ ደግሞ በሞያሌ የአንድ ማዕከል የድንበር አገልግሎት ተመርቋል። በሩ እየተከፈተ ነው፤ የሚያልፍበትን ሰው ግን አላዘጋጀንም። አብዛኛው ገቢና ወጪ ዕቃችን የሚያልፍባት የጅቡቲ ኦፊሴላዊ ቋንቋዎች ፈረንሳይኛና ዐረብኛ ናቸው፤ የኬንያ ገበያ በስዋሂሊ ይገበያያል። ከተመራቂዎቼ መካከል ከእነዚህ አንዱን የሚናገር ማግኘት ብርቅ ነው።

«ሥርዓተ ትምህርቱ ከላይ ይወርዳል» የሚለው ሰበብ እውነትነት አለው። ሹማምንቱ የተመራቂ ቁጥር እንጂ ተመራቂው ምን መሥራት እንደሚችል ሲጠይቁ አልሰማሁም። ሆኖም ስለ ቦሎቄ እንዳልጠይቅ የከለከለኝ ማንም አልነበረም።

ከመጪው ሴሚስተር ጀምሮ እያንዳንዱ ተማሪ አንድ ጭነት ከገበሬው ማሳ እስከ ናይሮቢ ገበያ በወረቀት አጅቦ ያደርሳል፤ ሥራውን የሚያርመውም በሙያው የሰነበተ ትራንዚተር ይሆናል። ሪካርዶ ከዚያ በኋላ ይመጣል፤ ያኔ የሚለው ይበልጥ ይገባቸዋል።

ለዚያች ልጅ ግን ዘግይቷል። ቀጣሪ መጀመሪያ የሚያየው ነጥብ ነው፤ ያንን «ሲ» የሰጠኋት እኔ ነኝ። ከሁለታችን ፈተናውን የወደቀው ማን እንደሆነ ፍርዱን ለእናንተ እተዋለሁ።