ሦስት ሳምንት በወንጪ

አንባቢዎቼ ሆይ፤ ከመካከላችሁ «ምነው ውጭ አገር ሄጄ የማላውቀውን ሕዝብ ባገለገልሁ» ብሎ ያልተመኘ ተማሪ ወይም ጀማሪ ጸሐፊ ይኖር ይሆን? እኔ ተመኝቼ ነበር። የኮሌጅ ተማሪ ሳለሁ በጎ ፈቃደኞችን ወደ ባሕር ማዶ ለሚልክ አንድ ድርጅት ባለ አራት ገጽ ማመልከቻ ሞላሁ። ከጓደኛዬ ክራባት ተውሼ ፎቶግራፍ ተነሣሁ። «ለማገልገል የፈለጉበት ምክንያት ምንድን ነው?» ለሚለው ጥያቄ የጻፍሁትን መልስ ዛሬ ባነበው ሳቄን የምችለው አይመስለኝም፤ አፍሪቃን በሁለት ዓመት ውስጥ ከመሃይምነት ላወጣት ቃል ገብቼ ነበርና። ድርጅቱ እስከ ዛሬ መልስ አልሰጠኝም፤ አልፈርድበትም።

በዚያው ክረምት፣ በሐምሌ ወር 2011 ዓ.ም.፣ ተማሪዎች በዕረፍታቸው ወደ ገጠር ወጥተው የማጠናከሪያ ትምህርት እንዲሰጡና ችግኝ እንዲተክሉ ጥሪ ሲደረግ ስሜን አስመዘገብሁ። ሐምሌ 22 ቀን በመላ አገሪቱ ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ በአንድ ቀን ተተከለ የተባለው በዚያ ክረምት ነው። ለእኔ የደረሰኝ ወንጪ ሆነ። አዲስ አበባ ተወልጄ ያደግሁ በመሆኔ ወንጪን የማውቀው በፎቶግራፍ ብቻ ነበር። ባሕር ማዶ መሄዱ መቅረቱ እየቆጨኝ ሻንጣዬን ሸከፍሁ።

እንግዲህ አብረን እንሂድ። ከአዲስ አበባ በምዕራብ በኩል ወጥተን፣ ሆለታን፣ አዲስ ዓለምንና ግንጪን አልፈን፣ 114 ኪሎ ሜትር ያህል ስንጓዝ አምቦ እንገባለን። ስለ አምቦ ብዙ አላወራላችሁም፤ ውኃዋ በጠርሙስ ሆኖ ቤታችሁ ድረስ መጥቶ ራሱን አስተዋውቋል። ከዚያ የነቀምቴውን መንገድ ትተን በስተደቡብ ወደ ወሊሶ አቅጣጫ ስንታጠፍ መኪናው ማቃሰት ይጀምራል። ጤፉ እያነሰ ገብሱ ይበዛል፤ በየጓሮው እንሰት ብቅ ይላል። ብርዱ በመስኮት ብቻ ሳይሆን በጫማም በኩል ይገባል። ካፖርት ያልያዛችሁ እዚህ ላይ ትጸጸታላችሁ፤ እኔ የያዝሁት ቲሸርትና ኮፍያ ነበር።

ሠላሳ ኪሎ ሜትር ያህል ከወጣን በኋላ ምድር በድንገት ታልቃለች። ወንጪ ጥንት እሳት ይተፋ የነበረ ተራራ ነው፤ ከፍተኛው ጫፍ 3,386 ሜትር ይደርሳል። ሆዱ ወደ ውስጥ ተደርምሶ፣ በጎድጓዳው ውኃ ተሞልቶ፣ እነሆ ሐይቅ ሆኗል። እኔ አፋፉ ላይ ስደርስ ግን ያየሁት ጉም ብቻ ነበር። አንድ ፈረስ የያዘ ልጅ «ሐይቁ ከዚህ በታች ነው» አለኝ፤ አመንሁት። ግማሽ ሰዓት ያህል ቆመን ስንንቀጠቀጥ ጉሙ እንደ መጋረጃ ተከፈተ። ውኃው ከእግራችን በታች እጅግ ርቆ፣ ሰማያዊም አረንጓዴም ሆኖ ተኝቷል። በመካከሉ ደሴቶች አሉ፤ ከእነርሱም በአንደኛው የቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን ይገኛል። በማዶው ገደል ሥር የገብስ ማሳ፣ ጭስ የሚወጣባቸው ጎጆዎች፣ የሚግጡ ፈረሶች ይታያሉ። ሰው አፋፉ ላይ ብቻ ሳይሆን በእሳተ ገሞራው አፍ ውስጥም ይኖራል።

ለጎብኚ ይህ ደስ የሚል ነገር ነው። እዚያ ለሚኖር ሰው ግን ዳገት ማለት ነው። ጨው ሲወርድ፣ ቆርቆሮ ሲወርድ፣ ማር ወደ ገበያ ሲወጣ፣ በሽተኛ ሲወጣ፣ ሁሉም በፈረስ ወይም በሰው ትከሻ ነበር። ይህን ዳገት ልብ በሉት፤ ኋላ እንመለስበታለን።

ትምህርቱ የተጀመረው ሰኞ ነበር። በክረምት ተዘግቶ ከቆየ ትምህርት ቤት አንድ ክፍል ተከፈተልን። ልጆቹ አርባ ሦስት ነበሩ፤ አንዳንዶቹ ዳገቱን በባዶ እግራቸው ወጥተው የመጡ ናቸው። እኔ የደረሰኝ ሒሳብ ነበር። ስለ ክፍልፋይ በአማርኛ ሩብ ሰዓት ያህል አብራራሁ፤ ምሳሌ ሰጠሁ፤ ቀለድሁም። ማንም አልሳቀም። «ገባችሁ?» ብል ሁሉም በአንድ ድምፅ «አዎ!» አሉ። አንዷን ልጅ አስነሥቼ ጥያቄውን ብደግምላት ዐይኗን መሬት ላይ ተክላ ቆመች። ሁለተኛውም፣ ሦስተኛውም እንደዚሁ። የሚማሩት በአፋን ኦሮሞ ነው፤ እኔ ደግሞ ከሰላምታ በቀር አንድ ቃል አላውቅም። በመጨረሻ ከኋላ ወንበር አንድ የዐሥራ አንድ ዓመት ልጅ ተነሥቶ የተናገርሁትን ሁሉ በአንድ ደቂቃ አስረዳቸው። ክፍሉ ሳቀ፤ ቀልዴንም ተርጉሞት ኖሯል። ከዚያን ዕለት ጀምሮ አስተማሪው እርሱ፣ ጠመኔ ያዡ እኔ ሆንሁ።

ባሕር ማዶ ልሄድ የተመኘሁ ሰው ባሕር ማዶን ከአምቦ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ላይ አገኘሁት።

የሰላም ጓድ የሚባሉትን አሜሪካውያን አያቶቻችሁ ያውቋቸዋል። ድርጅቱን ፕሬዚዳንት ኬኔዲ በ1961 እ.ኤ.አ. አቋቋሙት፤ ወደ 300 የሚጠጉ ወጣቶች ያሉበት የመጀመሪያው ቡድን በመስከረም 1962 እ.ኤ.አ. አገራችን ገባ። አብዛኞቹ በየጠቅላይ ግዛቱ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች አስተማሩ። በ1977 እ.ኤ.አ. ወጡ፤ በ1995 ተመለሱ፤ በ1999 በጦርነቱ ምክንያት ሄዱ፤ በ2007 ደግሞ መጡ፤ በመጋቢት 2020 የኮሮና ወረርሽኝ ሲነሣ በዓለም ዙሪያ ካሉት ባልደረቦቻቸው ጋር ተጠሩ። መምጣትና መሄዳቸው ብዙ ያነጋግራል። እኔን የሚያስቀናኝ ግን ሌላ ነው። ከአሜሪካ የመጣው ወጣት ሥራ ከመጀመሩ በፊት ሦስት ወር ያህል በአንድ ቤተሰብ ቤት እየኖረ፣ የሚመደበው ኦሮሚያ ከሆነ አፋን ኦሮሞ ይማር ነበር፤ ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ይቆይ ነበር። ለእኔ፣ ለአገሩ ልጅ፣ የተሰጠኝ ሥልጠና የግማሽ ቀን ነበር። የአገሩ ልጅ በመሆኔ ምን ሥልጠና ያስፈልገኛል ተብሎ ይሆናል፤ እኔም እንዲያው አስቤ ነበር።

የእኛም ተማሪዎች ቢሆኑ ገጠር መውጣት የጀመሩት ዛሬ አይደለም። ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከመመረቃቸው በፊት አንድ ዓመት በየጠቅላይ ግዛቱ እንዲያገለግሉ ይደረግ ነበር፤ አብዛኞቹም ያስተምሩ ነበር። በ1967 ዓ.ም. ደግሞ በፈቃድ ሳይሆን በግዴታ ወደ 60,000 የሚሆኑ ተማሪዎችና አስተማሪዎች በዕድገት በኅብረት ዘመቱ። ቀጥሎ በሐምሌ 1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ተጀመረ፤ በ15 የአገር ቋንቋዎች፣ ሁሉም በግዕዝ ፊደል ተጽፈው፣ ማንበብና መጻፍ ተሰጠ። የዚህን ዘመቻ ፍሬ በመጽሐፍ አነበብሁት እንጂ አየዋለሁ ብዬ አላሰብሁም ነበር።

በሁለተኛው ሳምንት አስተርጓሚዬ የሆነው ልጅ አያቱ ቤት ይዞኝ ወረደ። ቤቱ በዳገቱ አጋማሽ ላይ ነው። ሽማግሌው ቆጮና አይብ አቀረቡልኝ፤ አማርኛ ስለሚችሉ ተጨዋወትን። አስተማሪ መሆኔን ሲሰሙ ከሣጥን ውስጥ በላስቲክ የተጠቀለለ ደብተር አወጡ። በ1972 ዓ.ም. ዘመቻው ወደ ገጠር ሲወርድ ፊደል የቈጠሩበት ነው። ያስተማራቸው ዘማች ከእርሳቸው ያነሰ ጐረምሳ እንደ ነበርና ስምንት ወር ቈይቶ እንደ ሄደ ነገሩኝ። እርሱ ከሄደም በኋላ ሽማግሌው ደብተሩን አልተዉትም፤ የተሸጠ ፈረስ፣ የተበደረ ገብስ፣ የተወለደ ልጅ ሁሉ ይመዘገብበታል። «ዐይኔ ደከመ፤ እስቲ አንብብልኝ፣ ልጄ» አሉኝ።

ነገሩን ልብ በሉልኝ። ደብተሩ በአፋን ኦሮሞ፣ በግዕዝ ፊደል የተጻፈ ነው። የልጅ ልጃቸው አፋን ኦሮሞ አፉን የፈታበት ቋንቋ ነው፤ ነገር ግን ከ1984 ዓ.ም. ወዲህ ቋንቋው የሚጻፈው በላቲን ፊደል፣ በቁቤ በመሆኑ፣ የአያቱን ጽሑፍ ማንበብ አይችልም። እኔ ፊደሉን አውቃለሁ፤ ቋንቋውን አላውቅም። ስለዚህ ሦስት ሆነን ማንበብ ጀመርን፤ እኔ ድምፁን አወጣለሁ፤ ልጁ ሰምቶ ይተረጕማል፤ ሽማግሌው ያርሙኛል። «ዸ» የምትባለዋ ፊደል አስቸገረችኝ፤ በአማርኛ ፊደል ገበታ ላይ የለችም። ምላስን ወደ ላይ አጥፎ፣ ትንፋሽን ወደ ውስጥ ስቦ ነው የምትነገረው። «ዸለቴ» የሚል ቃል በየመስመሩ እየተደጋገመ መጣ፤ «ተወለደ» ማለት ነው አለኝ ልጁ። እኔም ዜማው ስለ ለመደልኝ ቀኑንና ቃሉን እያፈራረቅሁ ወረድሁ። ስድስተኛው ላይ ስደርስ፣ 1979 ዓ.ም.፣ አሁንም «ዸለቴ» አልሁ፤ ከሥሩ በዚያው ቀን ሌላ ቃል አለ፤ «ዱቴ»። በዚያው በደስተኛ ድምፄ ጮክ ብዬ አነበብሁት።

ልጁ አልተረጐመም። ምን ሆኖ ነው ብዬ ቀና ስል ሽማግሌው ራሳቸው በአማርኛ፣ «ሞተች ማለት ነው። እናቱ ናት» አሉኝ። ምጥ ጠንቶባት በቃሬዛ ይዘዋት ሲወጡ ልጁ መንገድ ላይ ተወለደ፤ እርሷ አፋፉ ላይ ሳትደርስ ዐረፈች። ያ የተወለደው ልጅ ነው የአስተርጓሚዬ አባት። እኔ የሰውን ኀዘን ልክ እንደ ልደት አድርጌ፣ ሳላውቀው፣ በቤቱ ውስጥ ጮኬ አነበብሁት። ሽማግሌው አልተቀየሙኝም፤ «ፊደሉንስ ደኅና ታነባለህ» ብለው ተጨማሪ አይብ ጨመሩልኝ። ያን አይብ እንዴት እንደ ዋጥሁት አላስታውስም።

ዛሬ ያች እናት ብትሆን ምን ዕድል ይኖራት ነበር ብዬ ጠይቄአለሁ። ከወንጪ ማዶ፣ ወሊሶ ከተማ፣ የቅዱስ ሉቃስ ካቶሊክ ሆስፒታል አለ። ኩዋም የሚባለው፣ በ1950 እ.ኤ.አ. በፓዶቫ የተመሠረተው የኢጣሊያ ሐኪሞች ድርጅት ከሃያ ዓመት በላይ አብሮት ሠርቷል፤ ከሚያገለግላቸው ወረዳዎችም አንዱ ወንጪ ነው። አምቡላንስ አለው፤ ቤታቸው ሩቅ የሆነ ነፍሰ ጡሮች ቀናቸው ሲቃረብ ቀድመው መጥተው የሚቈዩበት ማረፊያም አለው። ከኢጣሊያ የሚመጣው ሐኪም ጊዜውን ጨርሶ ይሄዳል፤ ነገር ግን ከሆስፒታሉ ጋር የነርሶችና የአዋላጆች ትምህርት ቤት ስላለ የአገሩ ልጆች እየሠለጠኑ ይተኩበታል። ከውጭ መጥቶ ማገልገል ሲባል እኔ ደስ የሚለኝ እንዲህ ያለው ነው።

ሆኖም እስከ አፋፉ ድረስ ያለው ዳገት አሁንም ዳገት ነው። እርሱን በየቀኑ የምትወጣና የምትወርድ አንዲት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ አገኘሁ። ይህ ሥራ በ2003 እ.ኤ.አ. በአገር ደረጃ ሲጀመር ዐሥረኛ ክፍል የጨረሱ ሴቶች ከየቀበሌያቸው ተመርጠው፣ አንድ ዓመት ሠልጥነው፣ በደመወዝ ወደዚያው እንዲመለሱ ተደረገ። የእያንዳንዱን ቤት ልጅ በስም ትጠራለች። አብሬያት አንድ ቀን ዋልሁ። ነፍሰ ጡሯ ወሊሶ ሄዳ እንድትቈይ ስትመክራት ሴትዮዋ አልተከራከረችም፤ «ላሟን ማን ያልባታል?» ብቻ አለች። ሠራተኛዋ ቁጭ ብላ የጎረቤቶቹን ስም አንድ በአንድ እያነሣች ስለ ላሟ መነጋገር ጀመረች። እኔ ብሆን ስለ ጤና ንግግር አደርግ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ወንጪ ተለውጧል። ቀድሞ በጀርመን የቴክኒክ ትብብር ድርጅት እገዛ ነዋሪዎቹ ማኅበር መሥርተው፣ ፈረስና ጀልባ እያከራዩ፣ እንግዳ እየመሩ ገቢ ያገኙ ነበር። በ2020 እ.ኤ.አ. በገበታ ለሀገር ከጎርጎራና ከኮይሻ ጋር ተመረጠ፤ በ2021 እ.ኤ.አ. የተባበሩት መንግሥታት የቱሪዝም ድርጅት ከዓለም ምርጥ የቱሪዝም መንደሮች መካከል ቈጠረው። ያማረ ሎጅም ተሠርቷል። ብትሄዱ ታርፉበታላችሁ፤ የጀማሪ ጸሐፊ ደመወዝ ይበቃው እንደ ሆነ ግን ኪሳችሁን ጠይቁ።

ሦስተኛው ሳምንት ሲያልቅ ልሰናበት ወደ ሽማግሌው ቤት ወረድሁ። ደብተሩን በላስቲክ እየጠቀለሉ፣ «ቋንቋውን ስትማር ተመልሰህ አንብብልኝ» አሉኝ። ተመርቄ አስተማሪ ስሆን አምቦ እንድመደብ የጠየቅሁት በዚህ ምክንያት ነው፤ የሥራ ባልደረቦቼ ስለ ውኃው ነው ይሉኛል። ማታ ማታ ከተማሪዎቼ እየተማርሁ፣ ሳስቃቸው፣ ሲያርሙኝ፣ ሁለት ዓመት አለፈ።

ባለፈው ጥር ወንጪ ወረድሁ። ሽማግሌው ደኅና ናቸው፤ ዐይናቸው ግን ይበልጥ ደክሟል። ልጁ ጢም ማብቀል ጀምሯል። ደብተሩን ገልጬ ከመጀመሪያው ጀምሮ አነበብሁላቸው፤ 1979 ዓ.ም. ላይ ስደርስ ድምፄን ዝቅ አድርጌ። በመጨረሻው ገጽ ላይ ልጁ በቁቤ የጻፈው አንድ አዲስ መስመር አለ። «ይኸን እኔ አላነበውም፤ ምን ይላል?» አሉኝ።

«ቀይ ጥጃ ተወለደች ይላል፣ አባባ» አልኋቸው።

«እሱንማ ዐውቃለሁ፤ ጥጃዋ ደጅ አይደለች? ‹ዸላቴ› የምትለውን እንዴት እንደምትለው ልሰማ ብዬ ነው።»