በጽሕፈት ብቻ ስለሚሠራ የኮምፒዩተር ጨዋታ

በዚህ ዘመን የኮምፒዩተር ጨዋታ ሲባል ሰው ሁሉ የሚያስበው ሥዕሉ የሚሮጠውንና ጩኸቱ ቤት የሚያናውጠውን ነው። ነገር ግን ሥዕልም ድምፅም ሳይኖረው በጽሕፈት ብቻ የሚጫወቱት አለ። ኮምፒዩተሩ ተጫዋቹ ያለበትን ስፍራ ጽፎ ይነግረዋል፤ ተጫዋቹም የሚያደርገውን ጽፎ ይመልሳል። ፕሮግራም መጻፍ ለሚጀምር ሰው ከዚህ የሚሻል መግቢያ ያለ አይመስለንም።

ይህን መንገድ የከፈተው ዊል ክራውዘር የተባለ አሜሪካዊ ነው። ሥራው ፕሮግራም መጻፍ ነበረ፤ በዕረፍቱ ጊዜ ደግሞ በኬንታኪ የሚገኘውን ታላቁን የማሞዝ ዋሻ ይመረምር ነበረ። ትዳሩ በፈረሰ ጊዜ ልጆቹ ናፈቁት፤ ስለዚህ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1975 እና በ1976 ዓ.ም. ያን የሚያውቀውን ዋሻ በቃል ሥሎ እነርሱ የሚጫወቱበትን ጨዋታ ሠራ። በ1977 ዓ.ም. ዶን ዉድስ የተባለ የስታንፎርድ ተማሪ አስፋፋው። ጨዋታው የሚቀበለው ትእዛዝ ከሁለት ቃል የማይበልጥ ነበረ።

እኛ የምናውቀው ዋሻ ስለሌለን፣ ከ12 ዓመት ልጃችን ጋራ በፓይቶን ቋንቋ ስንጀምር የእናታችንን ቤት መረጥን። ቤቱ ከእናታችን ዕረፍት በኋላ ገንዘቡ ለወራሾች እንዲከፈል ተሽጦ ገዢው አፍርሶታል፤ ዛሬ በስፍራው ሌላ ሕንፃ ቆሟል።

ሥራው የተጀመረው በወረቀት ነው። ግቢ፣ ሳሎን፣ ጓዳ፣ ማድ ቤት፣ ዕቃ ቤት ብለን ስፍራዎቹን ጻፍን፤ በያንዳንዱም ምን እንደሚታይና በየትኛው በር ወዴት እንደሚወጣ አስገባን። ከሳሎን ወደ ጓዳ የሚያስገባው በር ቢጻፍና ከጓዳ ወደ ሳሎን የሚመልሰው ለብቻው ባይጻፍ፣ የገባው ሰው በጓዳ ተዘግቶበት ይቀራል። ዕቃውም እንደ ኤግዚቢት መዝገብ ነው፤ ቁልፉ «በጓዳ» ተብሎ ይመዘገባል፤ ተጫዋቹ ሲያነሣው «በእጅ» ተብሎ ይለወጣል። የቀረው ትእዛዝ መቀበል፣ ከመዝገቡ ማመሳከር፣ መልስ መስጠት፣ እንደ ገና መጠበቅ ነው። ኮምፒዩተር በመዝገብ ያልገባውን ፈጽሞ የማያይ ዳኛ ስለ ሆነ፣ በፍርድ ቤት ጸሐፊነት ለምንኖር ለእኛ ጠባዩ እንግዳ አልሆነብንም።

ያስቸገረን ቋንቋው ነው። በእንግሊዝኛ ትእዛዙ ይቀድማል፣ ዕቃው ይከተላል፤ በአማርኛ ግን «ቁልፍ አንሣ» ስለሚባል ፕሮግራሙ ግሡን ከመጨረሻው ቃል መፈለግ አለበት። አንሣ፣ አንሺ፣ ያንሡ የሚሉትም አንድ ትእዛዝ መሆናቸው መጻፍ ይገባዋል። ደግሞ በቤተ ክህነት ትምህርት ያደግን እኛ «ዕቃ» ስንል ልጃችን «እቃ» ትጽፋለች፤ ለኮምፒዩተሩ ሁለቱ ፊደሎች ፈጽሞ የተለያዩ ናቸው። ስለዚህ ሐንና ኀን ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ዐን ወደ አ፣ ፀን ወደ ጸ የሚመልሱ ጥቂት መስመሮች ገቡ፤ የኔታ ቢያዩ ባዘኑ ነበር። ኮምፒዩተሩ ተጫዋቹን «እርስዎ» እያለ እንዲናገር እኛ ብንፈልግም፣ ልጃችን «ቤቱ የእማማ ነው፤ እማማ ‹አንቺ› ነበር የሚሉኝ» ብላ ተከራከረች፤ ረታችም።

ከሁሉ የከበደው አያቷን የት እናስቀምጥ የሚለው ጥያቄ ነው። እርሷ በማድ ቤት ተቀምጠው ተጫዋቹን እንዲያነጋግሩ ፈለገች። እኛ ግን እናታችን እኛ የጻፍንላቸውን ሦስት ዐረፍተ ነገር ብቻ እየደጋገሙ ሲመልሱ ማየት አልወደድንም፤ ይህንንም ነገርናት። ብዙ ካሰበች በኋላ «እንግዲያው አይናገሩ፤ ሲኒው ብቻ ትኩስ ይሁን» አለች። አሁን ወደ ማድ ቤት የገባ ሰው የሚያነበው «ምድጃው ይጨሳል፤ ረከቦቱ ላይ አንድ ሲኒ ቡና አለ፤ ትኩስ ነው» የሚል ነው። ተጫዋቹ «ቡና ጠጣ» ብሎ ሲጽፍ ምን እንዲመለስለት ግን ገና አልተስማማንም፤ እርሷ ሲኒው እንደ ገና ይሞላ ትላለች፤ እኛ ባዶ ሆኖ ይቅር እንላለን።